ኮላው እስኪረጋ ዝም በሉ

ሞጣ ላይ የተከራየኋት ክፍል መንገድ ዳር ነበረች። አከራዬ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ «መምህርት፣ እንዲህ ያለ ጸጥታ የትም አታገኚም» አሉኝ። አልዋሹም። አይሱዙ በማያልፍበት ሰዓት ጸጥታው ለጉድ ነው። አይሱዙ የማያልፍበት ሰዓት የትኛው እንደሆነ ግን እሳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም አላገኘሁትም።

ጸጥታውን የፈለግሁት ለእንቅልፍ ቢሆን ኖሮ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ እተኛ ነበር። የፈለግሁት ለኮላ ነው። አዎ፣ አናጢዎች ወንበር ለሚያጣብቁበት ለነጩ ኮላ። ያን ጊዜ ሞጣ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ክረምት ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ እየሄድሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የክፍሉ ትምህርት አልቆ የመመረቂያው ጥናት ብቻ ቀርቶኛል። ዘመዶቼ «ምንድን ነው የምታጠኚው?» ሲሉኝ በመጀመሪያው ሰሞን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስረዳ ነበር። ኋላ ሰለቸኝና «ኮላ» ብቻ ማለት ጀመርሁ። «ለኮላ ብለሽ እስከ አዲስ አበባ?» ይሉና አባቴን በሐዘኔታ ያያሉ።

ነገሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ የሚያከብደው የምሁራኑ አፍ ነው። ኮላም ሆነ ፕላስቲክ ሞለኪውሉ እንደ ክር ረዥም ነው፤ ክሮቹ ደግሞ እርስ በርስ ተተብትበዋል። ሲሞቃቸው ይላወሳሉ፣ ሲበርዳቸው ይደርቃሉ። ውሃ ቁርጡን ያሳውቃል፤ ወይ ውሃ ነው ወይ በረዶ። እነዚህ ግን እየበረዱ ሲሄዱ ሳያቆሙ ይዘገያሉ። በቅጽበት ያደርጉት የነበረውን መላወስ በደቂቃ ያደርጉታል፣ ከዚያ በሰዓት፣ ከዚያ በቀን። መጨረሻ ላይ ውስጣቸው እንደተተበተበ ቀርቶ እንደ መስታወት ይደርቃሉ። እኔ የማጠናው ወደ መስታወትነት ሲቃረቡ ያለውን ያንን መዘግየት ነበር። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

መዘግየቱ የሚታየው በብርሃን ነው። ቀይ የሌዘር ብርሃን በኮላው ውስጥ ሲያልፍ በውስጡ ባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ላይ ይበተንና ወዲያ ማዶ ካለው ካሜራ ላይ የቀይ ነጠብጣብ መዓት ሆኖ ያርፋል። ክሮቹ ሲላወሱ ነጠብጣቦቹ ይንተከተካሉ፤ ክሮቹ ሲዘገዩ እነሱም ይዘገያሉ። ካሜራው ፎቶ በፎቶ ላይ ያነሳል፤ ላፕቶፑ የአሁኑን ከቀደመው እያስተያየ ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ በመስመር ይስላል። መስመሩ ከላይ ቀጥ ብሎ ከሄደ ነጠብጣቦቹ አልተነቃነቁም ማለት ነው። ወደ ታች ከወረደ ተነቃንቀዋል። በቃ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው።

ችግሩ ነጠብጣቦቹን የሚነቀንቃቸው ኮላው ብቻ አለመሆኑ ነው። ሰው ቢራመድ ይነቃነቃሉ። በር ቢገጭ ይነቃነቃሉ። አይሱዙ ካለፈማ እስክስታ ይመታሉ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንዳልለካው ከላቦራቶሪው አጠገብ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነበር፤ የኮንክሪት ማደባለቂያው ሲያጓራ ይውላል። አማካሪዬ የተጣራውን ኮላ በታሸገች ብልቃጥ ሰጡኝና፣ «አንቺ የገጠር ልጅ አይደለሽ? ጸጥታ ሞልቷችኋል፣ እዚያው ለክተሽ አምጪው። ብልቃጧን ከሰበርሻት ግን አትምጪ» አሉኝ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ገጠርን ጸጥታ የሚመረትበት ፋብሪካ ያደርገዋል። በዚያ ላይ እሳቸው በየካቲት መጨረሻ ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ሊሄዱ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ውጤቱን ካላየሁ እስኪመለሱ ድረስ ምረቃ የለም አሉኝ። አንድ አዲስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዲግሪውን ይዘሽ ከመጣሽ እንቀጥርሻለን ብሎኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ወንበር ይዞ የሚጠብቀኝ የአክስቴ ልጅ እንኳ የለኝም፣ እንኳን ዩኒቨርሲቲ።

እንግዲህ ሞጣ ላይ ጀመርሁ። ከሁሉም አይሱዙዎች አንዱ የተለየ ጠላቴ ነበር። ባለቤቱም ሾፌሩም አንድ ሰው ነው፤ እህል ጭኖ ይሄዳል፣ ሲሚንቶ ጭኖ ይመለሳል፤ ገና ጠዋት መስመሩ ቀጥ ማለት ሲጀምር ከች ይላል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ነጠላዬ እየተጎተተ ወጥቼ መንገዱ መሐል ቆምሁና መኪናውን አስቆምሁት።

«ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ በዚች በር ስታልፍ ቀስ በልልኝ። ሥራ አለኝ፣ ቤቱ ሲንቀጠቀጥ ይበላሽብኛል» አልሁት።

«ምን ገዶኝ፣ መምህርት!» አለኝ። ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀስ አለ። እግዜር ይስጠው፣ በጣም ቀስ አለ። ፊት በቅጽበት ያልፍ የነበረው መኪና አሁን እየተንፏቀቀ ረዘም ላለ ጊዜ ያንቀጠቅጠኛል። ቀን አንዴ ይመጣ የነበረው ደጋግሞ ይመጣል። በሬ ላይ ሲደርስ ደግሞ በለሆሳስ ጥሩንባ ይነፋል። አንዲት ሴት መምህር መንገድ መሐል ወጥታ የአንድን ወንደላጤ መኪና ስታስቆም ሞጣ የሚያውቀው ትርጉም አንድ ብቻ ነው፤ ያ ትርጉም ኮላ አይደለም።

የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲደርስ ሁሉን ነገር ሸክፌ ወደ ቢቸና፣ ወደ ወላጆቼ ቤት ተነሣሁ። ሣጥኑን ራሴ ነበርሁ ያሠራሁት። ውስጡ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ አለ፤ ማሰሮው ላይ ሙቅ ውሃ ይሞላል፣ ብልቃጧ ውሃው ውስጥ ትቆማለች፤ ዙሪያው ሙቀቱ ቀስ እያለ እንዲወርድ በጤፍ ጭድ ይጠቀጠቃል፤ ለብርሃኑ መግቢያና መውጫ ሁለት ቀዳዳ አለው። የአውቶቡሱ ረዳት «ዶሮ ከሆነ ጣራ ላይ ይውጣ» ብሎ ተከራከረኝ። ሣጥኑን ታቅፌ፣ ብልቃጧን በመሐረብ ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ከትቼ፣ በዚያ መንገድ ስንንገጫገጭ ዋልን። ያ ኮላ የሚለሰልሰው በሰው ገላ ሙቀት አካባቢ ነው፤ ጉንደ ወይን ስንደርስ አውጥቼ ባየው ዘመም ብሏል። የእኔም ወገብ እንደዚያው።

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ መሪጌታ ነው የሚላቸው። ያሰብሁትን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እስኪረጋ ድረስ ነው፣ አባዬ። አንዴ ከጀመረ ግን በሩ አይከፈትም፣ ሰው አይራመድም፣ ጮክ ተብሎ አይወራም። ከተቋረጠ እንደገና ለመጀመር ጊዜ የለኝም፤ ዓመቱ ያልፍብኛል።»

«እንግዲያ እስኪረጋ ዝም ነዋ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያወጁትን አዋጅ ማን ይናገረዋል! አውራ ዶሮው ለጎረቤት በአደራ ተሰጠ። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ከግቢው ወጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተዛወሩ። እናቴና ታናሽ እህቴ በርበሬ የሚወቅጡበት ሙቀጫ ተሸክመው ሌላ ሰው ቤት ሄዱ፤ እህቴ «ለኮላ ብለን ተሰደድን» እያለች። አባቴ የመቋሚያቸውን ጫፍ በጨርቅ ጠቀለሉት። ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ መሄድ ጀመሩ። ጎረቤት ሊጠይቃቸው ሲመጣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወደ ደጅ ያወጡታል። «ማን ታሞባችሁ ነው?» ሲሏቸው «ኮላ» ይላሉ። እኔ ስናገረው የሚያሳፍረኝን ቃል እሳቸው እንደ ማዕረግ ነበር የሚጠሩት።

ጓዳው በድንጋይ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ አለው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድሁ፤ ሌዘሩንና ላፕቶፑን ጋራዥ አስሞልቼ ካመጣሁት የመኪና ባትሪ ላይ አገናኘሁ፤ መብራት ኃይልን አምኖ የሚለካ ሰው እኔ አይደለሁም። ቅዳሜ ጀመርሁ። ውሃው ቀስ እያለ በረደ። እሑድ ረፋዱ ላይ ነጠብጣቦቹ መዘግየት ጀመሩ። መስመሩ ቀና አለ፣ ከዚያም ቀጥ አለ። ጨለማው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እየቆጠብሁ አያለሁ። አንዷን ነጠብጣብ ለይቼ ዓይኔን ተክዬባታለሁ፤ የቆመች ትመስላለች፣ ግን አልቆመችም፤ ብዙ ከጠበቅኋት በኋላ ትፈዛለች፣ ሌላዋ ቀስ ብላ ትበራለች። ሞጣ ላይ ስንት ጊዜ ሞክሬ አንዴም እዚህ አልደረስሁም። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ዓይኔ እንባ ሞላ። የሚቀረው እስከ ማታ መጠበቅ ብቻ ነበር።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

«ደጆች!» አሉ አባቴ በሹክሹክታ። በሹክሹክታ «ደጆች» ሲባል በዕድሜዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጓዳውና ሳሎኑ በአንዲት ሳንቃ በር ነው የሚለያዩት። ሦስት ሽማግሌዎች መግባታቸውን በኮቴያቸው አወቅሁ፤ ነጠብጣቦቼም አወቁ፤ መስመሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ተመለሰ። ግድግዳውን ተደግፎ የተሠራ የጭቃ መደብ አለ፤ ሦስቱ ዘርፈጥ ብለው ቢቀመጡበት አበቃልኝ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ውስጥ ባትቀመጡ ደስ ይለኛል የሚል ነገር አለበት።

«የለም፣ መሪጌታ። የመጣንበትን ሰምተው እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

እኔ ጨለማዬ ውስጥ ሆኜ «እሰይ! ተባረኩ!» አልሁ በልቤ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ እስኪፈቀድለት ቆሞ ነው የሚለምነው። ወግ እንዲህ የጠቀመኝ ቀን የለም። ለማን እንደመጡ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ እህቴ ደርሳለች፣ ለሷ ይሆናል ብያለሁ። ብቻ ቁሙልኝ።

ባለወፍራሙ ድምፅ ንግግሩን ጀመረ። ከሞጣ ነው የመጡት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ዘሩ የታወቀ ነው፣ የራሱ አይሱዙ አለው። አይሱዙ ሲል ጆሮዬ ቆመ።

«መምህርት ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን ነው» አለ።

«ልጄ ታውቀዋለች?» አሉ አባቴ።

«እንዴታ! መንገድ ላይ ወጥታ መኪናውን አስቁማ ያነጋገረችው እሷ እኮ ናት። ሞጣ ውስጥ ያላየ የለም።»

አበስኩ ገበርኩ! በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ ደነዘዝሁ። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው።

አባቴ ወጉ እንደሚያዘው «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ጾም እየገባ ነው፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው እያሉ ወጠሯቸው። «ልጅቷ ትጠየቅና ይለቅ። የት ናት?» አሉ።

«ጓዳ ናት። ሥራ ላይ ናት፤ በሩ አይከፈትም።»

«በሩን ዘግታ?»

«ዘግታ።»

«ጨለማ ውስጥ?»

«ጨለማ ውስጥ» አሉ አባቴ፤ መዋሸት አያውቁም።

የሰውዬው ድምፅ ማር ማር አለ። «አያችሁ ጨዋነት! የተማረች ናት ስትሉ፣ ዓይን አውጣ ትሆናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ሽማግሌ መጣ ሲባል በሯን ዘግታ ጨለማ የምትቀመጥ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል? ይህ እኮ መልስ ነው፣ መሪጌታ። ይጠይቋት፤ ዝም ካለች ፈቅዳለች። ይመርቁንና እንቀመጥ።»

ይኸውላችሁ። በዕድሜዬ ሙሉ «ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም» ስባል ኖሬ፣ አፌ ያረፈባት አንዲት እሑድ ልታጋባኝ ነው። ሞጣ ሁሉ ቢሰበሰብ ሊሰጠኝ ያልቻለውን ጸጥታ አባቴ በካልሲ እየሄዱ አስገኙልኝ፤ ያ ጸጥታ ደግሞ እሺታ ሆኖ ተቆጠረ።

የአባቴ ኮቴ አይሰማም፤ ወደ በሩ መምጣታቸውን ያወቅሁት በሳንቃዎቹ መሐል የሚገባው የብርሃን ሰረዝ ሲጠቁር ነው።

«ልጄ፣ ሰምተሻል» አሉ፤ ድምፃቸው ከትንፋሽ አይበልጥም። «ዝም ካልሽ ፈቀደች ብለው ሊቀመጡ ነው። ከተናገርሽ ያ ነገርሽ ይበላሻል፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። እኔ እምቢ ልልልሽ እችላለሁ። ነገር ግን የአባት እምቢታ ለወግ የሚባል ይመስላቸዋል፤ እየተመለሱ ሲያስጨንቁሽ ይኖራሉ። ካንቺ አፍ ከሰሙት ግን ያበቃል። የትኛውን እንደምታስበልጪ አላውቅም፣ እኔ አልመርጥልሽም።»

ብርሃኑ ተመለሰ፤ ሄዱ።

እንዴት እንደተናደድሁባቸው! ለሦስት ሽማግሌ ጮክ ብሎ «ውጡልኝ» ማለት አቅቷቸው ይሆን? አማካሪዬ ሊሄዱ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቦታ ሊሄድ ነው። ፊቴ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ዕድሜ ልኬን ስፈልገው የነበረው መስመር ነው። ዝም ብል፣ ማታ በሩን ከፍቼ «አልፈልግም» ብል ማን ይከለክለኛል ብዬም አሰብሁ። ማንም። ግን ከተቀመጡ በኋላ፣ ከተመረቁ በኋላ፣ አባቴ ቃል ሰጡ ከተባለ በኋላ ነው። ያኔ እምቢ ብል ውሸታም የሚባሉት አባቴ ናቸው።

ፊዚክስ የተማርሁት ለመቼ ነው ብዬ፣ መስመሩን እያየሁ፣ በጣም በዝግታ «አልፈልግም» አልሁ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም። የሳይንስ ድል!

«ድምፅ ሰማሁ ልበል?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«አይጥ ናት» አለ ባለወፍራሙ ድምፅ።

ከፍ አድርጌ ደገምሁት። መስመሩ ጎበጥ ብሎ ተመለሰ።

«ተናገረች እኮ» አሉ አባቴ።

«ድምፅዋ ራሱ አፋር ነው። እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ሰውዬው። «ጆሮዬም ደክሟል» ሲል ደገፈው ሌላው። የመደቡ ጭቃ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ አንዳቸው ሊቀመጥ እጁን አሳርፎበታል።

ብድግ ብዬ በሩን በርግጄ ወጣሁ። በርጩማው ተገለበጠ፣ የረፋድ ብርሃን እንደ ጎርፍ ገባ፣ ሣጥኑን በጉልበቴ ገጨሁት። ሦስቱም ሊቀመጡ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«አባቶቼ፣ ለድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ፤ ጮክ ብዬ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለማን ብዬ እቆጥባለሁ። «መኪናውን ያስቆምሁት ቀስ እንዲል ነው፣ እንዲያገባኝ አይደለም። አላገባውም። ዛሬም አላገባውም፣ ከፋሲካ በኋላም አላገባውም። አይጥ አይደለሁም፤ አሁንስ ተሰማ?»

«አሁን ተሰማ» አሉ ጆሯቸው የደከመው ሽማግሌ።

ሳይቀመጡ ወጡ። ባለወፍራሙ ድምፅ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ «ጨዋ ናት ብለን…» አለና ሐሳቡን ሳይጨርስ ሄደ።

ወደ ጓዳ ተመለስሁ። መስመሩ ከላይ ቀጥ ብሎ መጥቶ መጥቶ፣ አንዲት ቦታ ላይ እንደ ገደል አፋፍ ተቆርጦ ወድቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መሬት ለመሬት ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። አባቴ በሩ ላይ ቆመው መቋሚያቸውን ይዘው ያዩኛል።

«እርስዎ እምቢ ቢሉልኝ ምን ነበረበት!» ብዬ ጮህሁባቸው። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

«እኔ ብለው ኖሮ የኔ እምቢታ ይሆን ነበራ» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የተገለበጠውን በርጩማ አቃኑልኝ። ምን ያስቡ እንደነበር ሌላ ቃል አልነገሩኝም፤ ግን ጫማቸውን ያደረጉት በማግስቱ ነው።

አማካሪዬ ሄዱ። ቦታውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ሣጥኔን ታቅፌ ወደ ሞጣ፣ ወደዚያች መንገድ ዳር ክፍል ተመለስሁ። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቀልድ የመጣው ያኔ ነው። ባለ አይሱዙው ተቀይሞኛል፤ ፊቴን ላለማየት በከተማው ጀርባ እየዞረ መሄድ ጀመረ። ኩርፊያው ለወዳጆቹም ተረፈ፤ እነሱም መኪናቸውን አዞሩ። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ዝምታ ሆነ፤ አከራዬ ያሉት ዓይነት ጸጥታ። የላቦራቶሪ መመሪያዎቹ ንዝረትን ለመቀነስ ጎማ አንጥፉ፣ አሸዋ ሙሉ ይላሉ። ሰው እምቢ በሉ የሚል አንድም አላነበብሁም።

በቀጣዩ ዓመት ኮላውን አሙቄ እንደ አዲስ ለካሁት፤ እዚያው ሞጣ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አማካሪዬ ሲመለሱ ደረስሁላቸው። የመመረቂያ ጥናቴን ስከላከል ዘመናዊው ፕሮጀክተር እንደ ወጉ ተበላሽቶ ስለነበር ሥዕሎቼን ያሳየሁት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አሳትሜ በአሮጌው ማሳያ ነው። የቢቸናውንም መስመር ጨምሬዋለሁ፤ ለምን እንደጨመርሁት አትጠይቁኝ። አንዱ ፈታኝ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «እዚህ ጋ የወደቀው ምንድን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ሳቁ። አማካሪዬም ሳቁና «ይህ ከጥናቱ ይውጣ» አሉ። አወጣሁት።

ያቺን ከጥናቱ የወጣችውን ፕላስቲክ አባቴ ለመኑኝና ወሰዱ። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቢቸና ስሄድ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከዚያ ከመደቡ በላይ ካለው የመስኮት መስታወት ላይ በማጣበቂያ ለጥፈዋት አገኘሁ። እንግዳ ሲመጣ በመቋሚያቸው ጫፍ እያሳዩ ያስረዳሉ። «እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ነበር። እዚህ ጋ ተናገረች።»

በዚያው ሰሞን ለእህቴ ሽማግሌ መጣ። ቆሙ፣ እንደ ወጉ። አባቴ ዘመድ አላማከሩም፣ በር ላይ ሄደውም አላንሾካሾኩም። እህቴን ከደጅ ጠርተው፣ እጇ ላይ በርበሬ እንዳለ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት መደቡ ላይ አስቀመጧት። «እዚህ ቤት ዝምታ አይቆጠርም፤ ይህን ከፍዬ ነው የተማርሁት» አሉና ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። እህቴ «እወደዋለሁ፣ አገባዋለሁ» ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አጨበጨብሁ፤ ሲቀመጡም መደቡን እኔ ነኝ የጠረግሁላቸው።

ከፍዬ ማለታቸው ገርሞኝ ነበር፤ ከፋይዋ እኔ አይደለሁ? ኋላ ግን ያን ሁሉ ሰሞን በካልሲ የሄዱት፣ «ልጄ ሁለተኛ ዲግሪ ልትይዝ ነው» ሲሉ የከረሙት፣ በሩ ላይ መጥተው ምርጫውን በእጄ ላይ ጥለው የተመለሱት እሳቸው እንደነበሩ ትዝ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ እህል ሲቀምሱ ሥዕሏን ቀና ብዬ አየኋት። ፀሐይ በውስጧ እያለፈች ነው። ያኔ ነው ልብ ያልሁት፤ አባቴ ፈረንጅኛ ፊደል ስለማያነቡ በጀርባዋ ነው የለጠፏት። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኗል። ገደሉ የነበረበት ቦታ ላይ መስመሩ ከመሬት ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ከላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባቴ የመቋሚያቸውን ጫፍ የሚያሳርፉት እዚያ ከሚነሣበት ላይ ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሥዕል ሲገለበጥ ዝም ማለት አልችልም። ያን ግን አላቃናሁትም።